ለቅጂ የተመለሰ ሰላምታ

ዛሬ ኡኬ በምትባል የገጠር ከተማ፣ ያረፈችው እናቴ በሰው ስልክ ውስጥ "አካም ቡልተን? እንዴት አደራችሁ? ልጆቹ ደህና ናቸው?" ስትል ሰማኋት።

ስልኩ የአንድ ገበሬ፣ የኦቦ ዲንሳ ነው። ፕሮጀክታችን ከነቀምቴ ሆኖ ስለ ዝናብና ስለ ተባይ ለገበሬዎች የድምፅ መልእክት ይልካል፤ ኮሙኒኬሽኑ የኔ ሥራ ነው።

መጀመሪያ የላክነውን መልእክት ገበሬዎቹ ሳይጨርሱ ይዘጉት ነበር። "ሰላም ሳይል ወሬ የሚጀምር ምን ዓይነት ሰው ነው?" አሉን። ስለዚህ እናቴን ለምኜ የመልእክቱን መግቢያ በድምጿ ቀዳሁት። ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠይቃ ነው የምትለቀው!

አለቃዬ "ሰላምታው ረዘመ፣ ይቆረጥ" ቢለኝ እምቢ አልኩ። (ማርኬቲንግ ያስተማሩኝ "አጭር ይሁን" ብለው ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ።)

ካረፈች ወዲህ ግን ያንን ቅጂ ከፍቼው አላውቅም።

ኦቦ ዲንሳ ቅጂ መሆኑን እያወቁ ይመልሱላታል። "ፈያዳ፣ ደህና ናቸው። እርስዎስ?" ቅጂው ወደ ዝናቡ አለፈ።

የማን ድምፅ እንደሆነ አልነገርኳቸውም። "እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ" ብቻ አልኩ።

"ልጆቹ ደህና ናቸው?" ስትል ኦቦ ዲንሳን ቀደምኳቸው።

"ደህና ነን፣ እማ።"

እናንተስ፣ የማንን ድምፅ ነው ስልካችሁ ውስጥ አስቀምጣችሁ መክፈት ያቃታችሁ?