የዳነው በሽተኛ

በደርግ ዘመን ባሕር ዳር አንድ ክሊኒክ ውስጥ መድኃኒት እሰጥ ነበር። አንዲት እናት ለወጣት ልጃቸው የሳንባ ነቀርሳ ክኒን ሊወስዱ በየወሩ ከዘጌ በታንኳ ይመጡ ነበር። በመጨረሻው ወር ልጃቸውን ይዘውት መጡ። ጉንጩ ሞልቷል፤ ሳሉም ጠፍቷል።

«እናቴ፣ ልጅዎ እኮ ድኗል» አልኋቸው ደስ ብሎኝ።

ፊታቸው ጠቆረ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ድምፅህን ዝቅ አርግ ልጄ። ሳሉን የሚመልስ መድኃኒት የለህም? ገበሬ ማኅበሩ በዳነ ማግሥት ይዘምታል ብሎኛል» አሉኝ።

ብዙ ካመነታሁ በኋላ ካርዱ ላይ «ገና አልዳነም» ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶዬን አነሣሁ።

ልጃቸው እጄን ያዘኝ። «ጋሼ፣ ድኗል ብለው ይጻፉልኝ» አለ፣ እናቱን ሳያይ። «እኔ ከቀረሁ ታናሼን ነው የሚወስዱት።»