የሆድ እሳት መድኃኒት

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ እዚህ ጀርመን አገር፣ ጉትሎይትፊርቴል በሚባለው ሰፈር ውስጥ ከአንድ ክፍት መስኮት የወጣ ሽታ አቆመኝ። የተቀቀለ ሥር፣ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭና ቅርንፉድ ነበር፣ ከኋላው ደግሞ ገና አፍ ሳይገባ የሚመር ነገር ነበረበት። መንገደኛው እየገፋኝ ሲያልፍ እኔ መዳፌን አፌ ላይ ደቅኜ የራሴን ትንፋሽ አሸት ነበር። በዐሥር ዓመቴ የጀመረኝ ልማድ ነው፣ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ያኔ ቦናመስ በሚባለው የከተማው ዳርቻ፣ ከረጃጅሞቹ ሕንፃዎች በአንዱ ሰባተኛ ፎቅ ላይ አባቴ፣ እናቴና እኔ እንኖር ነበር። አባቴ አየር ማረፊያ ሻንጣ ጫኝ ነበር፣ ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ የውሎውን ወሬ ይጀምርና፣ የአለቃውን አነጋገር እያስመሰለ እናቴን በሳቅ ያፈርሳት ነበር። በዚያ ዓመት ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ግን ወሬውም ሳቁም ተቋረጠ። ከበሩ ላይ ሰላም ይለንና አፉን በእጁ ከልሎ በረንዳ ይወጣ ነበር፣ እናቴ ምን ሆነሃል ስትለው መልሱ ሁልጊዜ «ሆድ ይፍጀው» ነበር። ያንኑ ሰሞን አፉ መሽተት ጀመረ።

አባቴ ነው ብዬ አላቃልለውም፣ ሽታው ከባድ ነበር። እናቴ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከኔ በኋላ ሁለት ጊዜ አስወርዷት ስለነበር፣ ከባድ ነገር እንዳታነሣ፣ እንዳትደነግጥ፣ አብዛኛውን ቀን ተጋድማ እንድትውል ታዝዛ ነበር፣ የጎረቤት ሽንኩርት ሳይቀር ያጥወለውላት ነበር። አንድ ቀን «አትቀየመኝ፣ ያስመልሰኛል» ብላ ትራሱን ሳሎን ሶፋ ላይ አወጣችለት፣ እሱም ተቀበላት። ከክፍሌ ልጆች አባታቸው ሶፋ ላይ መተኛት የጀመረባቸው ሁሉ መጨረሻቸው ሁለት ቤት ነበር፣ ስለዚህ የኛም ተራ እንደ ደረሰ እርግጠኛ ሆንኩ። ጠዋት ጠዋት የራሴን እንጆሪ እንጆሪ የሚል የጥርስ ሳሙና ብሩሹ ላይ ቀብቼ እጠብቀው ነበር። እሱም ታዝዞ ይቦርሽ ነበር፣ ሽታው ግን ንቅንቅ አላለም።

የጥርስ ሐኪሙ ጥርሱ ጤነኛ ነው አለ፣ የቤተሰብ ሐኪማችንም ምንም አላገኘም። በመጨረሻ ምክር የሰጡን ከኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት አቶ እድሪስ ነበሩ። አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ ጨጓራቸውን ከባቡር ጣቢያው ወዲያ ያለች አንዲት ቻይናዊት ሐኪም በቅጠላ ቅጠል እንዳዳነችላቸው እየማሉ ይናገሩ ነበር። አባቴን ክንዱን ይዘው ቴርሚን፣ ማለት ቀጠሮ፣ እስኪያስይዝ ድረስ አለቀቁትም።

ክረምቱ ገብቶ በረዶ በሚጥልበት ቀን ሄድን። እኔ የተወሰድኩት ላስተረጉም ነበር፣ ነገሩ ግን ያስቃል፤ ሐኪሟም አባቴም ጀርመንኛ ይናገራሉ፣ ነገር ግን የሷ ጀርመንኛ ለሱ አይገባውም፣ የሱም ለሷ አይገባትም፣ እኔ መሐላቸው ተቀምጬ አንዱን ለሌላው አቀና ነበር። ግድግዳው እስከ ጣሪያው ድረስ ትንንሽ መሳቢያ ነበር። ምላሱን አስወጥታ አየችና ቢጫ ነው አለች፣ ከዚያ የሁለቱንም እጆቹን አንጓ በየተራ በሦስት ጣቶቿ ይዛ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ ብዙ ቆየች። ዐይኗን ስትገልጥ ማገኑ ውስጥ ፎየር አለ አለችኝ። እኔም እንደ ወረደ «ሆድህ ውስጥ እሳት አለ ትላለች» አልኩት።

አባቴ ፊቱ አመድ መሰለ። «ማን ነገራት?» አለኝ።

ማንም አልነገራትም። በሷ ሙያ የሆድ እሳት ተራ ነገር ነበር፣ አፉ ለሚሸት ሰው የሚባል። ቀጥላ ምን ምን እንደሚበላ ጠየቀች፣ እኔ ግን ያን ሁሉ ጊዜ «ሆድ ይፍጀው» ሲል የሰማሁ ልጅ ነበርኩና፣ እሳቱን የለኮሰው የዋጠው ነገር ስለ መሰለኝ፣ «ምን ውጠህ ነው ትላለች» ብዬ አስተረጎምኩ። አባቴ ወለሉን እያየ በዝግታ ነገረኝ።

«አያትሽ፣ የእናትሽ እናት፣ በመስቀል ማግስት አርፈዋል። እናትሽ በደህና እስክትገላገል እንዳትሰማ ተብሎ ነው።»

ሐኪሟ ብዕሯን ይዛ ትጠብቀኝ ነበር። ምን ልበላት አልኩት።

«ሥጋ ያበዛል በያት።»

አልኳት፣ ጻፈችው። ሐዘን ለዋጠ ሰው መሆኑ ቀርቶ መድኃኒቱ የታዘዘው ሥጋ ለሚያበዛ ሰው ሆነ። አያቴን የማውቃቸው በስልክ ድምፅ ብቻ ነበር፣ «ሆዴ» ነበር የሚሉኝ። ማልቀስ ፈልጌ ነበር፣ ሐኪሟ እያየችኝ ስለነበር ግን ዋጥኩት። እሷ ከየመሳቢያው እየዘገነች ስትመዝን አባቴ ቅርንፉዱን አንሥቶ አሸተተና፣ ይሄንንስ እኛም ቤት እናውቀዋለን አለ።

በኡባን፣ በምድር ውስጡ ባቡር፣ ስንመለስ ነገሩን ሁሉ አስረዳኝ። የእናቴ ወንድም ከደብረ ብርሃን ደውሎ መርዶውን ለሱ ብቻ ነግሮታል፣ እዚህ ያሉ ሽማግሌዎችም ሕፃኑ ክርስትና ሳይነሣ እንዳይነገራት ተስማምተዋል፣ ለእናቴ የተነገራት ግን አያቴ ስልክ በሌለበት ገዳም ጠበል ገብተዋል ተብሎ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ እናቴ ፊት ተቀምጦ የሠራችውን ምግብ መዋጥ አቅቶት ባዶ ሆዱን ይውል ነበር። አደራ አለኝ፣ እኔም እሺ አልኩ፣ የዐሥር ዓመት ልጅ ሌላ ምን ይላል?

ሁለት ሳምንት ያንን ጥቁር ውሃ እያፈላ ጠጣ፣ ሽታው መቀነስ ጀመረ፣ እናቴም ደስ ብሏት ወደ አልጋህ ተመለስ አለችው። በማግስቱ ድስቱን ማጠቢያው ውስጥ ሲደፋ ደረስኩበት። «ከተጠጋኋት ታወጣጣኛለች» አለኝ፣ «ይሄ ሽታ ለጊዜው ይጠቅመኛል።» እናም ሶፋው ላይ ቀረ።

በረዶው ቀልጦ ዛፎቹ ሲያቆጠቁጡ አፌን የዘጋሁት እኔ ነበርኩ። እናቴ ፊደል እንዳልረሳ ብላ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአያቴ ደብዳቤ ታስጽፈኝ ነበር፣ ከጠበል ስትወጣ ይድረሳት ትል ነበር፣ እኔም ከሞቱ ስድስት ወር ለሆናቸው ሴትዮ «እንደምን ሰነበቱ» እያልኩ እጽፍ ነበር። እህል አልወርድ አለኝ፣ የምሳ ዕቃዬን ከትምህርት ቤት እንደ ሞላ እመልሰው ነበር። አንድ ከሰዓት እናቴ ፀጉሬን ስትሠራኝ ፊቴን ወደሷ አዞረችና አፌን አስከፍታ አሸተተችኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፣ እሷ ግን እንደገና ተጠግታ አሸተተችኝ።

«ይሄ የአባትሽ ሽታ ነው» አለች። «ሁለታችሁ ምን ይዛችኋል?»

ኒሽትስ፣ ምንም፣ አልኳት፤ መዋሸት ሲቸግረኝ ወደ ጀርመንኛ እሸሽ ነበር። ፊቴን መልሳ ሹሩባውን ቀጠለች፣ አንዱን መስመር ጨረሰች፣ ሁለተኛውን ያዘች፣ ከዚያ ከኋላዬ «እማዬ ናት?» አለች።

አዎ አላልኩም፣ አይደለችም ማለት ደግሞ አቃተኝ። ጣቶቿ ፀጉሬ ውስጥ ቆሙ። ሕፃኑን ገደልኩት ብዬ አሰብኩ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ከስንት ጊዜ በኋላ ጣቶቿ እንደገና መሥራት ጀመሩ።

«ለአባትሽ እንዳትነግሪው» አለች። «ይሄን ሁሉ ወር ለኔ ብሎ ነው የተቃጠለው። ቀኑ ሲደርስ ራሱ ይንገረኝ።»

በዚያው ቀን ትራሱን ከሶፋው አንሥታ ወደ አልጋቸው መለሰችው፣ አባቴንም አጠገቧ አስቀምጣ በእጇ አጎረሰችው። ከዚያ ወዲህ ምን ሆነሃል ብላው አታውቅም። መብላት ሲጀምር ሽታው ጠፋ፣ እሱም መድኃኒቱ ዘግይቶ የሠራ መስሎት አቶ እድሪስን ሄዶ አመሰገነ።

ወንድሜ በግንቦት በደህና ተወለደ። በአርባኛው ቀን ክርስትና ተነሣ፣ በሳምንቱ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ጥቁር ለብሰው መጡ፣ አቶ እድሪስም ከኋላቸው ነበሩ። እናቴ ማስመሰል ትችልበት ይሆን ብዬ መጋረጃውን ጨብጬ ቆሜ ነበር። ማስመሰል አላስፈለጋትም። ሦስት ወር የዋጠችው ባንድ ጊዜ ወጣ፣ ወለሉ ላይ ወድቃ እናቷን ስትጠራ አባቴ አቅፎ ይዟት፣ ደበቅኩሽ፣ ይቅር በይኝ እያለ ያለቅስ ነበር። እነዚያን ሦስት ወራት ያለ እንባ ያስቀመጥኳት እኔ እንደሆንኩ አውቅ ነበርና የኔ ለቅሶ ከሁሉም በረታ። ሰዎቹ ልጅቷ አያቷን እንዴት ትወድ ነበር አሉ።

ዛሬ መርዶ የሚደበቅበት ጊዜ አይደለም። ባለፈው ዓመት ያ መርዶውን የደወለው አጎቴ ሲያርፍ ዜናው ከነፎቶው እናቴ ስልክ ላይ የደረሰው አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ሳለች ነበር፣ ክንዷን የያዛትም ሰው አልነበረም። አባቴ ጡረታ ወጥቷል፣ ወንድሜ በቁመት አልፎታል። እሁድ እሁድ ልጠይቃቸው ስሄድ አባቴ ያንን ዘመን ያነሣል፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ አፍኖ እንደያዘው፣ እናቴም አንዲት ነገር ሳትጠረጥር በሰላም እንደተገላገለች ይናገራል፣ «በሕይወቴ ያበላሸሁት ብዙ ነው፣ ያንን ግን በትክክል ሠርቻለሁ» ይላል። እናቴ ብርቱካን እየላጠች «እውነቱን ነው፣ ምንም አላወቅኩም» ትላለች፣ ቀና ብላ አታየኝም። ያኔ ቤታችን ሞትን ሳይቀር ይደብቅ ነበር፣ አሁን የቀረችን ምስጢር ይህች አንዷ ናት። አባቴን ለመሳም ከመግባቴ በፊት ግን አሁንም በራቸው ላይ ቆሜ ትንፋሼን አሸታለሁ።