ትርንጎን ይዘን ከዳባት እስከ ጠዳ

ዳባት፣ ጠዋት

ከዳባት የተነሣነው ሦስት ሆነን ነው፤ እኔ፣ ታላቅ እህቴ የሻረግ፣ የእሷም ልጅ ትርንጎ። የመንገዳችን ምክንያት ትርንጎ ናት። ስምንት ዓመቷ ነው። ስሟን ሲጠሯት አትዞርም፤ የወፍጮ ድምፅ ከሩቅ ስትሰማ ጆሮዋን ይዛ ትጮኻለች፤ ባቄላ ግድግዳ ሥር በመስመር ደርድራ አንዷን ፍሬ የነካ ሰው ቀኑን ያጨልምባታል። አፏ ተፈትቷል፤ ግን የምትናገረው የሌላ ሰው ቃል ነው። «በላሽ?» ሲሏት «በላሽ?» ትላለች።

በፍልሰታ ጾም፣ የነፍስ አባታቸው ጠበሉ ይሻላታል ስላሉ፣ ወስደዋት ነበር። እኔ አልነበርኩም፤ የሻረግ እንደነገረችኝ ነው። አጥማቂው መስቀሉን ግንባሯ ላይ አድርጎ «ማነህ? ከየት ያዝካት?» ሲል ጠየቀ። ትርንጎም በእሱው ድምፅ፣ በእሱው ቁጣ፣ «ማነህ? ከየት ያዝካት?» አለችው። ሕዝቡ እልል አለ። «ለፈለፈ! ለፈለፈ!» ተባለ። ቀዝቃዛው ውሃ ሲወርድባት የጮኸችው ጩኸት ደግሞ ሁለተኛ ምስክር ሆነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቷ አያ ደሴ ልቡ ቆርጧል፤ ጋኔኑ ጨርሶ እስኪወጣ ልጅቱ ጠበሉ ዳር ትቀመጥ፤ የምትጠብቃት መነኩሲትም ተገኝታለች።

የሻረግ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው። እዚሁ ዳባት የሚያስተምር አንድ መምህር ልጅቱን አይቶ «ኦቲዝም ሊሆን ይችላል፤ ጎንደር አሳዩአት» ብሏት ነበርና፣ መጀመሪያ ጎንደር ትታይ አለች።

«ሂጂ» አላት አያ ደሴ። «ባዶ እጅሽን ከመጣሽ ግን ለማርያም እወስዳታለሁ።» ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ «አንተም አብረሃት ሂድ፤ ግጥም ከመጻፍ ሌላ ሥራ የለህ» አለኝ። እውነቱን ነው። ትምህርት ያቋረጥኩ፣ ያገኘሁትን እያነበብኩ ራሴን የማስተምር፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ።

ከመነሣታችን በፊት «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል ስልኬ ላይ ጽፌ ፈልጌ ነበር። አንዱ ሥር ቀቅላችሁ አጠጧት ይላል። ሌላው ክትባት ነው ያመጣው ይላል። ሦስተኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከገባኝ ያልገባኝ ይበልጣል። ስልኩን ዘግቼ መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣራሁና ወደ መናኸሪያ ወረድን።

የሞላ ጎንደር

ረዳቱ ጢማም ሰውዬ ነው። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «የሞላ ጎንደር! የሞላ!» ይላል፤ መኪናው ግን ግማሹ ባዶ ነው። ትርንጎ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ጥቂት ካዳመጠች በኋላ እሷም ጀመረች። «የሞላ ጎንደር! የሞላ!» ድምፁን እንዳለ፣ ጉሮሮው ላይ ያለችውን ሻካራነት ሳይቀር።

«ኧረ እንጀራዬን ልትነጥቀኝ ነው!» አለ ረዳቱ። «ነይ ውረጅና ተጣሪ፣ እኔ ልተኛበት።»

መኪናው ሙሉ ሳቀ። የሻረግ ብቻ አልሳቀችም። አጠገቧ ያሉት ሴትዮ ጠጋ ብለው «ምነው ልጄ፣ ምን አግኝቷት ነው?» አሉ።

«አልታወቀም እማማ» አልኩ እኔ። «ልናጣራ ነው።»

«ምን ይጣራል? ዓይን ነው። ሸጋ ልጅ ዓይን አያጣትም።» ይህን ብለው ነጠላቸውን አውልቀው ትርንጎን ከራሷ እስከ ትከሻዋ አለበሷት፤ ዓይን እንዳያያት። ትርንጎ ነጠላው ውስጥ ጸጥ አለች። ዘፈኑ፣ የሰው ወሬ፣ የሚሮጠው ዛፍ ሁሉ ከነጠላው ውጭ ቀረ። የሴትዮዋ ምክንያት ሌላ ነበር፤ የሆነው ነገር ግን ሸጋ ሆነ።

አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ኮሶዬ ላይ መኪናው ሰው ሊያወርድ ቆመ። ጭጋጉ ከገደሉ በታች ተኝቷል፤ ከጭጋጉ በላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ቁጭ ብለው ሣር ይነቅላሉ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ትርንጎ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ አየቻቸው፤ መልሳ ተሸፈነች። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው፤ ባሕር ዛፉ እየበዛ፣ ሙቀቱ እየጨመረ ጎንደር ገባን።

ጎንደር መናኸሪያ ላይ እንደ ኮሶዬ ጸጥታ የለም። የባጃጅ ጥሩንባ፣ የጫኝ ጩኸት፣ ሙዚቃ። ትርንጎ መንገዱ መሀል ተቀመጠችና ጆሮዋን ይዛ መጮኽ ጀመረች። ሰው ከበበን። «ውሃ አምጡ! ውሃ ርጩባት!» የሚል አልጠፋም። የሻረግ ልታነሣት ስትሞክር ልጅቱ ይብስባታል። አንድ ባጃጅ ከፊታችን ቆመ። ሊሰድበን ነው ብዬ ስጠብቅ ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

«ጩኸቱ ነው አይደል?» አለ። «አትጎትቷት። ትንሽ ትቆይ፤ ወዴት ናችሁ?»

ከኋላው ያሉት ሁሉ ጥሩንባ ቢነፉበትም አልተነቃነቀም። ትርንጎ ቆይታ ተነሣች፤ ራሷ ገብታ ተቀመጠች። ለኮንትራት ሁለት መቶ ብር ጠየቀን፤ ሳልከራከር ከፈልኩ። ማራኪ በሚባለው ሰፈር ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ጓደኛዬ ዘንድ አደርን።

ከሐኪም ቤት

በማግስቱ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ተራ ያዝን። ያየችን ሲስተር ወጣት ናት፤ ወንበሯን ትታ ወለሉ ላይ ከትርንጎ ጎን ተቀመጠች። ልጅቱን ምንም ሳትጠይቅ የሻረግን ነው የጠየቀቻት፤ መቼ ቃል አወጣች፣ መቼ ሄደች፣ ከልጆች ጋር ትጫወታለች ወይ፣ ምን ያስፈራታል፣ ምን ደስ ይላታል። መጨረሻው ጥያቄ ላይ የሻረግ ተደናገረች። ደስ የሚላትን ማንም ጠይቋት አያውቅም።

ጆሮዋም ሌላ ክፍል ታየ፤ ደህና ነው። ሲስተሯ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ ስትመለስ ነገሩን ሳትሸፍን ነገረችን። ኦቲዝም ነው።

«መድኃኒቱስ?» አለች የሻረግ።

«ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ አለኝ የሚላችሁንም አትመኑ። አእምሮዋ የተሠራበት መንገድ ነው። ስትማር፣ ስትረዷት ግን ብዙ ትለወጣለች።»

የሻረግ መሬት መሬት እያየች «እርጉዝ ሳለሁ ወንዝ ዳር ክፉኛ ደንግጬ ነበር…» አለች።

«ከድንጋጤሽ አይደለም እናቴ። ከእርግማንም፣ ከክትባትም አይደለም። አንቺ ያጠፋሽው የለም።»

የሻረግ «ይኼን እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝም» አለችና ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

የጠበሉን ነገር እኔ ነገርኳት። ሲስተሯ አልሳቀችም። «እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙ ጊዜ የሰሙትን ይመልሳሉ» አለች። «መመለሳቸው ባዶ አይደለም። አንዳንዴ አዎ ማለት ነው፤ አንዳንዴ አልገባኝም፤ አንዳንዴ ፈራሁ። የራሷ ቃል እስኪመጣላት የእናንተን ትዋሳለች። ለአጥማቂውም የመለሰችለት የራሱን ጥያቄ ነው።» ጥቂት አሰበችና ጨመረች። «ጠበል አትሂዱ አልላችሁም፤ እኔም እሄዳለሁ። ግን በግድ አትያዝ፤ አትታሰር፤ ከቤተሰቧ ተለይታ አትቀመጥ።»

ንግግር የሚያለማምዳት ባለሙያ እንደ ልብ እንደማይገኝ፣ ቀጠሮ ይዘን እየተመላለስን መታየት እንዳለባት፣ ትምህርት ቤትም እንዳይቀርባት አስረዳችን። ከዚያ «ቅዳሜ ጠዳ ውረዱ፤ እዚያ እንደናንተ ያሉ እናቶች አሉ» ብላ የአንዲት ሴት ስም ሰጠችን።

ጠዳ፣ ቅዳሜ

አዘዞን አልፈን ጠዳ ስንደርስ የወይዘሮ ጥሩወርቅን ቤት ለማግኘት አልተቸገርንም፤ እህል ነጋዴ ስለሆኑ ሁሉም ያውቃቸዋል። ግቢያቸው ውስጥ እናቶች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ። ማንም ትርንጎን አፍጥጦ አላያትም። የሻረግ ይኼንኑ አስተውላ ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ።

«ጥያቄ አታብዢባት» አሏት ወይዘሮ ጥሩወርቅ። «ጀምሪላት፤ ጫፉን ተዪላት፤ ከዚያ ዝም በዪ። ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው። እዪኝ።» ወደ ትርንጎ ዞሩ። «እኔ ሽንኩርት እልጣለሁ። ትርንጎ ደግሞ…»

ዝም አሉ። እኛም ዝም አልን። ዝምታው ረዝሞ እኔን ማሳከክ ጀመረ። ትርንጎ እጇን ዘርግታ አንድ ሽንኩርት አነሣች፤ ልጣጩን መግፈፍ ጀመረች።

«ምንም እኮ አላለችም» አለች የሻረግ።

«እጇ ብሏል። አፏ ሲደርስ ይደርሳል። ልጅሽን ወደ አንድ ቦታ ስትወስጂም አስቀድመሽ ንገሪያት፤ ስትመለሺም ንገሪያት። ድንገት የሚባል ነገር ጠላቷ ነው።»

የወይዘሮ ጥሩወርቅ ልጅ ኤፍሬም ማራኪ ግቢ የሚማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ልጅ ሳለ አንድ ሐኪም አስፐርገር ብሎት ነበር። «ያኔ አፋቸው ለቀና፣ ትምህርት ለሚገባቸው፣ የሰው ነገር ግን ለሚያደክማቸው ለብቻ የተሰጠ ስም ነው» አሉኝ እናቱ። «አሁን ሁሉንም ኦቲዝም ይሉታል፤ ዓይነቱ ብዙ ነው እንጂ።»

ገጣሚ መሆኔን ሲሰማ ኤፍሬም «አንብብልኝ» አለ። ስለ ትርንጎ የጻፍኩትን አነበብኩለት፤ ቁልፏ የጠፋ ቤት አድርጌያት ነበር፤ እኛ ደጅ ቆመን የምናንኳኳ። እናቶቹ «ወይ ጉድ» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ኤፍሬም ግን አግዳሚውን እያየ «ውሸት ነው» አለ።

«የቱ ስንኝ?»

«ሁሉም። ሰው ቤት አይደለም። እኔ ተዘግቼ አላውቅም። ሁልጊዜ ውጭ ነኝ፤ ሁሉንም እሰማለሁ፤ ብዙ ስለምሰማ ነው የምደክመው። ደግሞ ረጅም ነው።»

«አንተ! እንግዳ ነው!» አሉ እናቱ።

«እንግዳ መሆኑን አውቃለሁ» አላቸው። «ስለ ግጥሙ ግን ጠይቆኛል።»

ከልቤ ሳቅሁ፤ እሱም ፈገግ አለ። ግጥሙን ወደ ኪሴ መለስኩት፤ ከዚያ ወዲህ አላነበብኩትም።

መልስ

ዳባት ስንደርስ አያ ደሴ ብቻውን አልነበረም። ቄስ ሐዲስ አብረውት ተቀምጠዋል። ቄስ ሐዲስ የቤተሰቡ የነፍስ አባት ናቸው፤ የአጥቢያውን ተማሪዎችም ዳዊት የሚያስደግሙ እሳቸው ስለሆኑ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። አያ ደሴ የጠራቸው ልጅቱን ለጠበሉ ጉዞ እንዲባርኩለት ነው።

የሻረግ ነጠላዋን ሳታወልቅ ቆማ ተናገረች። እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ሲስተሯ ያለችውን አንድ በአንድ አወረደችው።

«እሺ፤ ባዶ እጅሽን አይደለማ የመጣሽ፤ ስም ይዘሽ መጣሽ» አለ አያ ደሴ። «መድኃኒት ግን የለም። ያ ሁሉ ሕዝብ የሰማውስ? ጋኔኑ እኮ አጥማቂው ላይ እያሾፈ መለሰለት!»

የኔታ ትርንጎን ጠሩ። አልዞረችም። ሄደው ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አሉ። «ስምሽ ማነው?»

«ስምሽ ማነው?» አለች ትርንጎ፤ በየኔታ ድምፅ፣ ሳላቸው ሳይቀር።

አያ ደሴ «ይኸውላችሁ!» ብሎ ተነሣ። የሻረግ ዓይኗን ጨፈነች። ማርያም ሁለት ቀን ቀርቷታል።

የኔታ ግን ቁጢጥ እንዳሉ ቀሩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ነበር።

«ደሴ፣ ቁጭ በል» አሉ። «ልጅ መጀመሪያ ቀን እኔ ዘንድ ይመጣል። ‹ሀ በል› እለዋለሁ። ምን ይለኛል መሰለህ? ‹ሀ በል› ይለኛል።»

አያ ደሴ ቁጭ አለ።

«አንተም ብለኸኛል፤ ረስተኸው እንደሆን። ‹በል›ን ተው እለዋለሁ እንጂ ጋኔን ነህ አልለውም። ዳዊቱንስ ስንደግም ትርጓሜው የት ነበር? መምህሩ ያለውን ብለን ነው ያደግን። መጀመሪያ ንባቡ ይገባል፤ ትርጓሜው ቆይቶ ይመጣል። ለአንዳንዱማ በስተርጅና ነው።» ሳቃቸው ቆመ። «ይኼን የማውቅ ሰው ነኝ፤ ጠበሉ ይሻላታል ስላችሁ ግን አላሰብኩትም።»

«እንግዲህ ጠበሉ ይቅር የኔታ?»

«ጠበሉማ ምን አደረገ? እኔ ራሴ አመጣላታለሁ፤ ትጠጣለች። ልጅ ግን ከእናቷ ጉያ ነው የምትማር። መነኩሲቷ ዘንድ አትቀመጥም።»

አያ ደሴ ለማርያም ብቻውን ቤተ ክርስቲያን ስሞ ተመለሰ።

ይኼ መንገድ ያስተማረኝ ብዙ አይደለም። ፍለጋ የሄድነው መድኃኒት ነበር፤ ያገኘነው መጠበቅን ነው። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ከባድ ትምህርት ነው። ጎንደርም ሩቅ ነው፤ የሻረግ ለቀጠሮው እንደገና መውረድ አለባት፤ ትምህርት ቤቱ ትርንጎን እንዴት እንደሚይዛት ገና አልታወቀም። ልጅቱ ግን ቤቷ ናት።

ዛሬ ጠዋት አያ ደሴ ከማሳ የባቄላ እሸት ይዞ መጣ። ትርንጎ አጠገብ ተቀመጠና «ትበያለሽ?» አላት።

«ትበያለሽ?» አለች።

ወደ የሻረግ ቀና አለ። «አዎ ነው?»

«አዎ ይመስለኛል።»

አንድ ፈልፍሎ ሰጣት፤ በላች። ሌላ ፈልፍሎ «ትጨምሪያለሽ?» አላት። ትርንጎ ምንም አላለችም። መዳፉ ላይ ያለችውን ፍሬ ዝም ብላ ታያለች።

«ይኼስ ምን ማለት ነው?» አለ።

«እንጃ» አለች የሻረግ።

አያ ደሴ እጁን እንደዘረጋ ግድግዳውን ተደገፈ። «ምን ቸኮልኩ ታዲያ» አለ፤ «ይኸው ተቀምጫለሁ።»