በስሜ የተሮጠው ሩጫ

ትናንት የወንድሜ ልጅ ቤቲ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችብኝ። «እቴቴ፣ እይማ! ያቺ የነገርሁሽ ጀርመናዊት ይህችውልሽ።»

አየሁ። አንዲት ወጣት ተንበርክካ እንደ ወፍጮ መጅ የከበደ ድንጋይ በበረዶ ላይ አንሸራተተች። ከዚያ ጓደኞቿ በየተራ ሲያንሸራትቱ እሷ መጥረጊያ ይዛ ከድንጋዩ ፊት ፊት በረዶውን ትጠርጋለች። ጨዋታው ከርሊንግ ይባላል አለችኝ። መጥረግማ እኛ መች አነሰን ብዬ ሳቅሁ። ቤቲ ግን የልጅቷን ታሪክ በቃሏ ይዛዋለች፤ ገና ተማሪ ሳለች ጀመረች፣ ከወጣቶች ቡድን ጋር ስትሸነፍ ስትነሣ ከረመች፣ አሁን ለአገሯ ትሰለፋለች። በክረምት ከሚወርደው በቀር በረዶ በማናውቅበት በመካነ ኢየሱስ ከተማ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ማጥናቷ ይገርመኛል።

ድንገት ልጅቷ እጇን አነሣችና ጨዋታውን አቆመች።

«መጥረጊያዋ ድንጋዩን ነክቶባት ነው፤ መንካት ክልክል ነው» አለች ቤቲ። «ማንም አላየም እኮ! ራሷ ናት የተናገረችው።»

ቤቲ ተደነቀች። እኔ ግን ስልኩን ከፊቴ ገፋ አደረግሁት።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከወገዳ ወዲያ ካለው መንደራችን ትምህርት ቤት ለመድረስ ሁለት ሰዓት በእግር ይፈጃል፤ ሩጫን የተማርሁት እንዳላረፍድ ነው። ደብረ ታቦር ለሚደረገው የተማሪዎች ውድድር ስመረጥ እናቴ ለማርያም ተሳለች። «ልጄ ካሸነፈችልኝ ጃንጥላ አስገባልሻለሁ» አለች።

ታኅሣሥ ነበር፣ በየአውድማው ውቂያ ተጀምሯል። እናቴ የቋጠረችልኝን በሶ ይዤ በጭነት መኪና ላይ አቧራ እየዋጥሁ ሄድሁ። በውድድሩ ጠዋት የቡድን መሪያችን፣ ስንጥር ከአፉ የማይለየው ወፍራም ሰውዬ፣ ወደ ጥግ ጠራኝ። ከጎኑ የማላውቃት፣ ከእኔ በብዙ የምትበልጥ ሴት ቆማለች።

«ቁጥርሽን ስጫት» አለኝ።

«ጋሼ፣ የእኔ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። እሷ በስምሽ ትሮጣለች፣ አንቺ ታሸንፊያለሽ። ምን ጎደለብሽ?»

ቁጥሩን ከደረቴ ላይ በገዛ እጄ ፈታሁት። እስከ ዛሬ የሚያንገሸግሸኝ ይህ ነው፤ ሰውዬው አልቀማኝም።

ከተመልካቹ መካከል ተቀምጬ ስሜ በድምፅ ማጉያ አንደኛ ተብሎ ሲጠራ ሰማሁ። ምሳ ላይ ሰውዬው ሜዳሊያውን አንገቴ ላይ አጠለቀው። ጥብጣቡ በሌላ ሰው ላብ ርሷል። ከዚያ ጥርሱን ሲጎረጉርበት በነበረው እጁ ጥብስ አጎረሰኝ። የረጋው ጮማ ላንቃዬ ላይ ተለጠፈ። ሊያስመልሰኝ እየተናነቀኝ ዋጥሁት፤ «ይባርክዎ» እንኳ ብያለሁ።

ለእናቴ እነግራታለሁ ብዬ መንገዱን ሙሉ ቃሉን ስደጋግም መጣሁ። ከመኪናው ስወርድ ግን እልልታዋ ቀደመኝ። «እመቤቴ አላሳፈረችኝም!» ብላ ጎንበስ አለችና እነዚያን ያልሮጡ እግሮቼን ሳመቻቸው። እንዴት ብዬ ልናገር? 

ጥር ሃያ አንድ፣ ለአስተርእዮ ማርያም፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ጃንጥላ አስገባች። የደብሩ ቄስ «እግርሽን አያድክመው ልጄ» ብለው መረቁኝ። እኔም አሜን አልሁ። ያን ቀን የቡድን መሪውን ተጸየፍሁት፤ ከእሱ ይልቅ ግን አሜን ያለው አፌ ቀፈፈኝ።

ከዚያ በኋላ አልሮጥሁም። ተምሬ ነርስ ሆንሁ፣ ለሥራም ወደዚህ ወደ እስቴ መካነ ኢየሱስ መጣሁ። የሰው ቁስል ሳጥብ ኖሬ ተጸይፌ አላውቅም፤ የቀዘቀዘ ጥብስ ሳይ ግን ዛሬም ፊቴን አዞራለሁ። እናቴ ሳልነግራት ሞተች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔው ነቅዟል።

ትናንት ለቤቲ ነገርኋት፤ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ስልኳን አስቀመጠችና «ታዲያ አንቺ ብትሮጪ ኖሮ ታሸንፊ ነበር?» አለችኝ።

«እሱንም አላውቅም» አልኋት።

ጃንጥላው አሁን ቀለሙ ለቋል፣ ዘርፉም ረግፏል። በየዓመቱ ጥር ሃያ አንድ ለንግሥ አገሬ እሄዳለሁ። ታቦቷ ስትወጣ ከሌሎቹ ጃንጥላዎች መካከል ያንን አላጣውም። ሴቶቹ እልል ሲሉ እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ እይዛለሁ።