ሰኞ ሰኞ የሚጠፉት ማሽኖች

ባለቤቴ ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ሥራ ላይ ቆይቶ አረፈ። ከፕሮግራሞች ሁሉ ሥር ተቀምጦ ኮምፒዩተሩን የሚያስተዳድረውን ኮድ፣ ከርነል የሚባለውን፣ ይጽፍ ነበር። የእሱ ድርሻ ሜሞሪ ነው። ሜሞሪ እኩል እኩል በሆኑ ገጾች ይከፋፈላል፤ ፕሮግራሞች ገጽ ይወስዳሉ፣ ይጋራሉ፣ ይመልሳሉ። እያንዳንዱ ገጽ ስንት ተጠቃሚ እንደያዘው የሚናገር ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ዜሮ ሲደርስ ገጹ ነፃ ይሆናል። በዚህ ሥራው «ጋሽ ገጽ» ይሉት ነበር።

እኔ በዚያው ሕንፃ ምድር ቤት፣ ሰነድ ክፍል ነኝ። ኮዱ ላይ የሚደረግ ለውጥ ሁሉ ታትሞ፣ ለውጡን አይቶ የሚያጸድቀው የመርማሪው አስተያየትና ፊርማ ሰፍሮበት እኔ ዘንድ ይቀመጣል። ስለዚህ ይህን ከትዝታ ብቻ አልጻፍኩትም፤ ቀኖቹን ከፋይሉ አመሳክሬያለሁ።

ገጾቹን የሚይዘው ኮድ በባለቤቴ እጅ አራት ቦታ፣ በአራት መንገድ፣ ተጽፎ ነበር፤ ለፋይል ገጾች፣ ለጋራ ገጾች፣ ለትልልቆቹ፣ ወደ ዲስክ ተገፍተው ለሚመለሱት። አራቱም የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ልዩነታቸውን በቃሉ የሚያውቅ ባለቤቴ ብቻ ነበር፤ ይህም ያኮራው ነበር።

አንድ ልማድም ነበረን። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ማሽኖቹ ሁሉ ይጠፉና እንደገና ይነሣሉ። አዲስ ሠራተኛ ለምን ብሎ ከጠየቀ «እነሱም እንደኛ ሰኞ ይከብዳቸዋል» ይባላል። የሚያስነሣቸው ባለቤቴ ነው። ሸሚዝ ተኩሶ የሚለብሰውም ሰኞ ብቻ ነበር።

ከዚያ መቀስ መጣች። በእሱ ዕድሜ ያለች፣ ሳቂታ ሴት ናት፤ ኮድ ከመጨመር መቁረጥ ስለምትወድ ነው ስሙ የወጣላት። በሦስተኛ ወሯ አራቱን መንገድ አንድ የሚያደርግ ለውጥ አቀረበች። ዘጠኝ መቶ መስመር ወደ ሁለት መቶ አሥር ወረደ። መርማሪው ባለቤቴ ነው፤ ያለ እሱ ፊርማ አያልፍም።

ያን ቀን ምሳ ላይ ሹካውን አስቀምጦ፣ ገንብቶ ዘጠኝ ዓመት ያቆመውን ልታፈርስበት እንደሆነ ነገረኝ። አሳዘነኝ፤ መጀመሪያ ላይ።

ስድስት ሳምንት ሙሉ ስህተት ፈለገባት። የታተመውን ኮድ ምሳ ላይ ይዞት ይመጣና ዳር ዳሩን በቀይ እስክሪብቶ ያቆስለዋል። ዐሥራ ሰባት ማስታወሻ ጽፎባታል፤ ዐሥራ አንዱ ስለ ክፍት ቦታና ስለ ስም አወጣጥ ነው። እሷ ሁሉንም አስተካክላ «እሺ ጋሼ፣ ልክ ነዎት» እያለች ትመልሳለች። እሱን ያበገነው ይኸው ነው።

እኔን ያበገነኝ ሌላ ነው። አንድ ቀን ወረቀቱን ሲገልጥ ብቻውን ፈገግ አለ። ምን እንዳገኘ ብጠይቀው «አይ፣ ይቺን እንዴት እንዳሰበቻት ብዬ ነው» አለኝ። የእሷን ኮድ ባነበበበት ዓይን ፊቴን አንብቦት አያውቅም። እሱ በሥራዋ ቀና፣ እኔ በእሷ ቀናሁ፤ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ቅናት ተቀምጠን ጨው እንቀባበል ነበር።

በሰባተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ፣ ምድር ቤት ወርዶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል። ስህተት አገኘሁ አለኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

«ያዝካት?»

«ራሴን ነው የያዝኩት።»

የእሷን አንድ መንገድ ከእሱ አራት መንገዶች ጋር መስመር በመስመር ሲያስተያይ፣ ከዲስክ በሚመለሱት ገጾች ላይ አንድ መስመር ጎድሎ አገኘ። ገጹን ከዲስክ ማንበቡ ሳይሳካ ሲቀር የተጠቃሚውን ቁጥር መቀነስ ያስፈልጋል። ሦስቱ ላይ ጽፎታል፤ አራተኛው ላይ ረስቶታል። ገጹ ማንም ሳይይዘው እንደተያዘ ይቀራል። እንዲህ እያለ በሳምንቱ ሜሞሪው ይሞላል፣ ማሽኑ ይዝላል፤ ሰኞ ሲነሣ ይጸዳል። ዘጠኝ ዓመት ሸሚዝ እየተኮሰ የራሱን ጉድለት ሲጠርግ ኖሯል። በመቀስ ኮድ ውስጥ መንገዱ አንድ ነውና ጉድለቱ የለም። ማስተካከሏን ግን እሷም አላወቀችም።

ለማሳጠር ብላ እንዳመጣችው፣ ማሳጠር ተብሎ እንዲያልፍ መከርኩት። የሚያውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን፤ ስሙን ለምን በገዛ እጁ ያጎድፋል? መደርደሪያዎቼን አያቸው።

«አንቺስ ብትሆኚ፣ ወረቀት ጎድሎት ፋይል ትዘጊያለሽ?»

እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ጻፈ። «ተቀብዬዋለሁ። ሰኞ ሰኞ ማሽን የምናስነሣው በአራተኛው መንገድ እኔ በተውኩት ጉድለት ነው። ይህን ኮድ ከእኔ በላይ ተረድታዋለች።» ፈረመ።

በማግስቱ መቀስ የእሱ ስም በኮዱ ራስጌ ላይ ይቆይ ብላ ለመነችው። «ሥራ ለሠሪው» ብሎ እንቢ አላት። ለውጡ በገባ በሳምንቱ ሰኞ ማሽኖቹ አልጠፉም። እሱ ግን ሸሚዙን ተኩሶ ሄደ፤ እጁን ኪሱ ከትቶ እስከ ምሳ ሰዓት ማሽን ክፍሉ በር ላይ ቆመ።

ከዐሥራ አራት ወር በኋላ አረፈ። ለቅሶው ላይ መቀስ ከእኔ በላይ አለቀሰች ያሉ አሉ፤ ሰምቻለሁ።

ይህን ለመጻፍ ፋይሉን ሳወጣ ያቺ የፈረመባት ወረቀት እጄ ላይ ቆየች። በትዳራችን ዘመን ስለ እኔ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር አልጻፈም። ባስቀራት የሚፈልጋት የለም። ከዐሥራ ሰባቱ ማስታወሻዎች ቀጥሎ፣ በቀኗ ተራ፣ መልሼ አስገባኋት።