ጀርባዬ ላይ የነቃችው አሻንጉሊት

ዛሬ ቡላኦስ ገበያ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ ከተደረደሩት አሻንጉሊቶች የጋለ የላስቲክ ሽታ ሲመጣብኝ ማጅራቴን ቀዘቀዘኝ። በዚህ ሙቀት! ሳቂ፣ ግድ የለም። ነገ ሆዳን ሰፈር ሰው ቤት ገብተሽ ልጅ ልትይዢ ስለሆነ ነው የምነግርሽ እንጂ ለማንም አውርቼው አላውቅም።

ጅቡቲ ስገባ እንዳንቺ ልጅ እግር ነበርኩ። አብረውኝ የመጡት ወደ የመን ሲሻገሩ እኔ ባሕር ስለምፈራ እዚሁ ቀረሁና ሆዳን አንዲት ማዳም ቤት ተቀጠርኩ። ማዳም የዚሁ አገር ሰው ናት፣ ቢሮ ትውላለች። ልጇን ገና መዳህ ሳትጀምር ያዘልኳት እኔ ነኝ። ልጅቷ እኔ ጀርባ ላይ ካልሆነች እንቅልፍ አይወስዳትም። ማዳም ከቢሮ ስትመለስ እጇን ትዘረጋላታለች፤ ልጅቷ ግን ፊቷን አንገቴ ሥር ትደብቃለች። ማዳም ትስቅ ነበር። ጥርስ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሆዷ እያረረ ነበር የምትስቀው።

አንድ ቀን አሻንጉሊት ገዝታ መጣች። ቢጫ ጸጉር ያላት፣ ሲያጋድሟት ዓይኗን የምትከድን፣ ቁመቷ ልጅቷን የሚያህል። ልጅቷ ዞር ብላ እንኳ አላየቻትም።

"እስኪ አንቺ አለማምጃት" አለችኝ ማዳም። እኔ ሞኟ እሺ አልኩ።

እዚህ አገር ቀትር ላይ ከተማው በሙሉ ይተኛል። በማግስቱ ከምሳ በኋላ ማዳም ክፍሏ ገብታ ተኛች። እኔ ልጅቷን አልጋዋ ላይ አደረግኳትና፣ አይታ ትልመድ ብዬ አሻንጉሊቷን በነጠላ አዝዬ እሹሩሩ እያልኩ ወዲያ ወዲህ እል ጀመር። መብራት ሄደ። ኤሲው ቀጥ ሲል ቤቱ እንዲህ ጸጥ እንደሚል ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ልጅቷ ሸለብ አደረጋት። ላስቲኩ ጀርባዬ ላይ እየጋለ መጣ፣ ሽታው አፈነኝ፣ ከዚያ ከማጅራቴ ኋላ አንድ ድምፅ "አንቺ" አለኝ።

"አቤት!" አልኩ።

ወይ እኔ! ቀትር ላይ ጠሪውን ሳታዪ አቤት አይባልም እያለች ነው እናቴ ያሳደገችኝ። ምን ይደረግ፣ ሰው ቤት ስትኖሪ አቤት ከአፍሽ አይጠፋም።

"ለምንድን ነው ያለሁት?" አለችኝ፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

በስመአብ ብዬ አማተብኩ። ነጠላውን ልፈታ ብል ቋጠሮው እምቢ አለኝ። እንዳልጮህ ማዳም ከግድግዳው ወዲያ ተኝታለች። ቤቴ ጂኒ አመጣችብኝ ካለች ያኔውኑ ደጅ ነኝ፤ ልጅቷንም ዳግመኛ አላያት።

"የልጅቷ መጫወቻ ነሽ" አልኩ በሹክሹክታ።

"እሷ እኮ አትነካኝም። አንቺ ካለሽ እኔ ለምን ተሠራሁ?"

"እኔ ምን አውቄ! የሠራሽን ጠይቂ!"

"የገዛችኝ በስልክ ስታወራ ሰምቻታለሁ። 'ልጄ ይቺን ከለመደች ሠራተኛዋን አሰናብታለሁ' ስትል። የመጣሁት አንቺን ልተካ ነው?"

አሁንም ስነግርሽ ሰውነቴ ይሸማቀቃል። እንደ ምንም ቋጠሮውን ፈትቼ፣ በእግሯ አንጠልጥዬ በጓሮ በር ወጣሁ። ፀሐዩ ዓይን ያጠፋል። የቆሻሻውን በርሜል ከፍቼ እጄን ዘረጋሁ።

"ጣይኝ" አለች፣ ዓይኗን ሳትከድን። "መጀመሪያ ግን ንገሪኝ። ልጅቷ ስታለቅስ ምን ይደረጋል?"

እንደዚያ እንዳንጠለጠልኳት ቀረሁ። ይቺን ብጥላት ማዳም ሌላ ትገዛለች። ያቺኛዋ ይሄን ባትጠይቅስ?

በርሜሉን ከደንኩና ጥላው ውስጥ ቁጭ ብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። አስተማርኳት አይገልጸውም፣ ለመንኳት ነው የሚባለው። "ጀርባዋን ቸብ ቸብ እያደረግሽ ዝም በያት፣ አባብላታለሁ ብለሽ ብዙ አታውሪ። መብራት ሲጠፋ ትፈራለች፣ ጠጋ በያት። ስታጋድምሽ ደግሞ ዓይንሽን ቶሎ አትክደኚ። እሷ ትቅደም።"

"እሺ" አለች። ከዚያች ቀን ወዲህ ለእኔ ተናግራ አታውቅም።

ልጅቷ ግን ቀስ በቀስ ከጀርባዬ ወረደች። በሩ ላይ ቆሜ አሻንጉሊቷን እቅፍ አድርጋ እንቅልፍ ሲወስዳት አየሁ፤ አሻንጉሊቷ ተጋድማ ዓይኗ ግልጥ እንዳለ ነበር። ማዳም ይሄን አላስተዋለችም። ክፉ ሴት እንዳትመስልሽ። የገዛ ልጇን ፈለገች፣ በዚህ ማን ይፈርድባታል?

ተሰናብቼ የምሄድ ቀን ማዳም ራሷ ሻንጣዬን እስከ ውጭ በር ያዘችልኝ። አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ልጅቷ አሻንጉሊቷን ደረቷ ላይ እንደለጠፈች እጇን አውለበለበችልኝና ወደ ቤት ሮጠች። በሩ ተዘጋ።

ወደ ባልባላ ሰፈር የሚሄድ ሚኒባስ አጠገቤ ቆሞ ረዳቱ ቢጣራም አልገባሁም። ፀሐይ ላይ ቆሜ ጆሮዬን ወደ ቤቱ ጣልኩ። የቤቱ ጥበቃ እንኳ አዝኖልኝ "ኧረ ሂጂ እህቴ" አለኝ።

ልጅቷ አላለቀሰችም። እንኳንም አላለቀሰች እላለሁ፣ የለመንኩትም ይሄንኑ ነው። እውነቱን ልንገርሽ ግን? ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ብታለቅስልኝ ምን ነበረበት?