ሀሰና የሰማችው ጭብጨባ

ሀሰና ዓብዱ ጅዳ የገባችው በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት፣ መጋቢት ላይ ነው። ያን ጊዜ ከወሎ መንደሮች ፓስፖርት ያላወጣች ልጃገረድ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግር ነበር። ከሐርቡ ብቻ በአንድ ሳምንት አሥራ አንድ ሴቶች ወጥተው እሷ አሥራ ሁለተኛዋ ሆነች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመች፣ ቁርኣን የቀራች፣ ከተናገሯት በቀር የማትናገር ልጅ ነበረች።

አባቷ የሐርቡ ወፍጮ ቤት ሞተረኛ ናቸው። እሳቸው እህል ሲቀበሉ ሞተሩን የምትጠብቀው እሷ ነበረች። ከናፍጣው በርሜል አጠገብ ዐይኗን ጨፍና ቁጭ ትላለች። ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጋ ሊላላ ሲል፣ ናፍጣው አየር ሲስብ፣ ድንጋዩ ሲጠብቅ ገና ከድምፁ ታውቀዋለች። ይሄ ሙያ ነው ያላት ሰው ግን አልነበረም። ደላላው ፎርሙ ላይ «ልምድ» በሚለው ቦታ «ምግብ ማብሰል፣ ልብስ መተኮስ» ብሎ ሞላላት።

ከፊሏ፣ ማለትም ያስመጧት አሠሪዋ፣ አብዱረሺድ የሚባሉ የስልሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ የአውሮፕላን ሞተር ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። እሷ ባባ ትላቸዋለች። ባለቤታቸውን ኡሙ ኢብራሂምን ደግሞ ማማ። ማማ የመካ ልጅ ናቸው፤ ያደጉት እዚያው፣ ዛሂር የሚባል ሰፈር ነው። አንድ ልጃቸው ኢብራሂም ሪያድ ስለሚኖር ከሸረፊያ ሰፈር ጀርባ ያለው ሰፊ ቤት ሁለቱን ሽማግሌዎች ይዞ ጭር ብሏል። በዚያ ቤት ቀኑ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ከባሕሩ በኩል የሚመጣው እርጥብ አየር መስኮቱን ያልበዋል፤ ማቀዝቀዣው ውሃውን ጠብ ጠብ ያደርጋል፤ ሀሰና ሥራዋን ጨርሳ ስትቆም ገና ረፋድ ይሆናል።

ግቢው ውስጥ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ሸራ የለበሰች ነጭ ክሬሲዳ መኪና ቆማለች። ኢብራሂም በተወለደ ዓመት የተገዛች ናት። ባባ በየሐሙሱ ማማን በእሷ ይዘው ዛሂር፣ የማማ እህት ቤት ይወስዷቸው ነበር። ሞተሯ ካረፈ ስምንት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ማማ ወደ መካ የሚሄዱት በታክሲ ነው፤ በሄዱ ቁጥርም ወንበሩ አይመቸኝም እያሉ ይመለሳሉ። ባባ ክሬሲዳዋን አስነሥቼ እወስድሻለሁ ብለው ቃል ከገቡላቸው ቆይተዋል።

ሀሰና ከመምጣቷ ጥቂት ቀደም ብሎ ባባ ከአሮጌ መኪና መፍቻ ሰፈር የሌላ፣ የትልቅ መኪና ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ገዝተው ጋራዥ አስገጥመውት ነበር። መገጠሙ ተገጠመ፤ መነሣቱ ግን አልሆነም። የአሮጌዋ መኪና ሽቦና የአዲሱ ሞተር ሽቦ አይተዋወቁም። ስለዚህ ባባ ከውጭ አገር ኮምፒውተር አስመጡ። ከግማሽ ጡብ የማይበልጥ ጥቁር ሳጥን ነው። ሳጥኑ ባዶውን ነው የሚመጣው፤ የትኛውን ሞተር እንደሚያዝ አያውቅም። ነዳጁን ስንት ያድርግ፣ እሳቱን መቼ ይለኩስ፣ ሁሉንም ባለቤቱ ቁጥር በቁጥር ሊያስተምረው ይገባል።

አንድ ቀን ወደ ማታ ገደማ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ባባ ከግቢ ሆነው «መኪና! ሀሰና፣ መኪና!» ብለው ተጣሩ። እሷ ባልዲና ሳሙና ይዛ ሮጠች። እሳቸው ደግሞ መብራት እንድትይዝላቸው ነበር የፈለጉት። እዚያ አገር መኪና የሚሉት ሞተሩን ነው፤ መኪናዋ ሰያራ ናት። ባልዲውን ሲያዩ ሽማግሌው ሳቁ፤ እሷም ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ ሳቀች።

ከዚያ ቀን ወዲያ በየቀኑ ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ ሽቦ ላይ ተቀመጡ። የባባ ጣቶች ስለሚንቀጠቀጡ የሽቦውን ጫፍ የምትልጠውና በፒንሳ የምትጨምቀው ሀሰና ሆነች። ሽቦው ሰባ ምናምን ነው፤ እንዳይምታታ እያንዳንዱ ላይ ፕላስተር ተጠምጥሞ ምልክት ይጻፍበታል። የፈረንጁን ፊደል ቶሎ መጻፍ ስላልቻለች ባባ በራስሽ ፊደል ጻፊው አሏት። እሷ ሀ፣ ለ፣ ሐ እያለች ጻፈች፤ እሳቸው የትኛው ፊደል የት እንደሚሄድ በደብተር መዘገቡ። ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌው «መ»ን ከ«ሠ» ለይተው ማንበብ ጀመሩ። ማማ መስኮቱ ላይ ሆነው እራት የለም ወይ ይላሉ። እነሱ ከሽቦው ቀና ሲሉ ሰማዩ ቀይ ሆኖ፣ ከየመስጊዱ አዛን ተነሥቶ፣ ዛፉ በወፍ ተሞልቶ ያገኙታል። ጊዜው የት እንደሄደ ሀሰና አይገባትም ነበር።

መጀመሪያ ቁልፉን ያዞሩ ዕለት ሞተሩ ሳል ብቻ ሳለ። በሁለተኛው ቀን በአየር መሳቢያው በኩል እሳት ተፋ፤ ማማ ደንግጠው ውሃ ይዘው ወጡ። በሦስተኛው ቀን ባባ ደብተራቸውን ሲያገላብጡ ቆዩና የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው ሴንሰር ሁለት ሽቦዎች ተገላብጠው እንደሆነስ አሉ። ሀሰና «ሰ»ን ነቅላ በ«ረ» ቦታ ሰካች፤ «ረ»ን በ«ሰ» ቦታ። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ተነሣ። ባባ ግንባራቸውን ኮፈኑ ላይ አስደግፈው ለረጅም ጊዜ ቆዩ። ምን እንዳሉ ሀሰና አልሰማችም።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ካንዴላው እሳት የሚለኩስበትን ቅጽበት ትንሽ ቢያስቀድሙት ሞተሩ ይበረታል። ከልክ በላይ ካስቀደሙት ግን ነዳጁ ያለ ሰዓቱ እየፈነዳ ፒስተኑን ይቀጠቅጠዋል። የአገሩ መካኒኮች ያን ድምፅ ሞተሩ ያጨበጭባል ይሉታል። ባባ በየቀኑ ቁጥሩን ትንሽ ትንሽ እያስቀደሙ ወደ ዋናው መንገድ ወጣ ብለው ያፈጥናሉ፤ ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። መንገዱ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ስለሚያልፍ ሀሰና ትሰማለች። ከትልቁ ጉርምርምታ ሥር፣ ቆርቆሮ ላይ ጠጠር እንደሚረጭ የሆነ ቀጭን ድምፅ አለ። አንድ ቀን ሰማችው፤ በማግስቱም ሰማችው። በሦስተኛው ቀን ሻይ ስትሰጣቸው በሰባራ ዐረብኛዋ ነገረቻቸው።

ባባ ፊታቸው ጠቆረ። አርባ ዓመት ሞተር የሰማሁ ሰው ነኝ፤ አንቺ ሻይሽን አፍዪ አሏት። ከዚያ አራት ቀን ሙሉ አልጠሯትም፤ ሽቦ ላይ የሚቀመጡትም ብቻቸውን ሆነ። ሀሰና አፏን ስለ መክፈቷ ራሷን ወቀሰች። ወደ አገር ይመልሱኝ ይሆን ብላም አሰበች።

በአምስተኛው ቀን ባባ ወጥ ቤት በር ላይ ቆሙ። መዳፋቸው ላይ ከሞተሩ የፈቱት ካንዴላ ነበር። ነጩ ሸክላ ላይ አሸዋ የሚያካክሉ ብርማ ነጠብጣቦች ተረጭተዋል።

«ይሄ ከፒስተኑ የቀለጠ ነው» አሉ። «ሲያጨበጭብ ሰምተሽ ነበር?»

«ሰምቼ ነበር፣ ባባ።»

«እኔ አልሰማሁም። ምንም አልሰማሁም።» ካንዴላውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደማልሰማ እንጃ። የአውሮፕላኑ ድምፅ ጆሮዬን ወስዶብኛል። ለማንም አልተናገርኩም።»

ሀሰና ወንበር ሳበችላቸው፤ ተቀመጡ። ሽማግሌው እንደዚያ ሲቀመጡ አባቷን መስለው ታዩዋት። ሞተሩ ተጎድቶ እንደሆነ ስትጠይቃቸው ገና ነው፤ በጊዜ ነው የደረስነው አሏት። ያሉት «የደረስነው» ነው፣ «የደረስኩት» አይደለም፤ እሷም ልብ ብላዋለች።

በማግስቱ ከፍሪጅ ጠጋኝ የመዳብ ቱቦ አመጡ። አንዱን ጫፍ ጠፍጥፈው ከሞተሩ አካል ጋር በቡሎን አሰሩት። ከሌላው ጫፍ የጎማ ቱቦ ቀጥለው በዳሽቦርዱ ሥር ወደ ውስጥ አስገቡና መጨረሻው ላይ የሐኪም ማዳመጫ ሰኩበት። ቱቦው የሚደርሰው እስከ ፊተኛው ወንበር ብቻ ነው። ስለዚህ ሀሰና ከፊት፣ ማማ ከኋላ ሊቀመጡ ሆነ። ማማ መጀመሪያ አኮረፉ። ሠራተኛዬን ወስደህ መካኒክ አደረግህብኝ፤ ደግሞ እኔ ከኋላ፣ እሷ ከፊት ሲያዩን ጎረቤቱ ምን ይላል ብለው ተነጫነጩ። ኋላ ግን ትራስና ተምር ይዘው ገቡ፤ ጎረቤትም ያለውን ይበል አሉ።

እንዲህ ሆኖ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ መንገዱ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት፣ ሦስቱም ወደ አሮጌው የመካ መንገድ መውጣት ጀመሩ። ማዳመጫው በሒጃቧ ሥር ጆሮዋ ላይ ነው፤ ከጥቁሩ ሳጥን ጋር በሽቦ የተያያዘው ላፕቶፕ ጉልበቷ ላይ። ድምፁን ስትሰማ አንዲት ቁልፍ ትነካለች፤ ላፕቶፑ በየትኛው ዙርና ጫና ላይ እንደተሰማ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ ባባ ዳር ይዘው ያቆሙና ያቺን ቁጥር ቀነስ አድርገው እንደገና ይነዳሉ።

ሀሰና ያን ሰሞን እንደ ሕልም ነው የምታስታውሰው። ጭጋጉ ከአሸዋው ላይ ገና አልተነሣም። ኮረብቶቹ በግራም በቀኝም ሰማያዊ ሆነው ይመጣሉ፤ ያልፋሉ። ከውጭ ያለው ሁሉ ድምፅ የለውም፤ ግመሎቹም፣ የሚቀድሟቸው መኪናዎችም ዝም ብለው ይንሳፈፋሉ። ከውስጥ ግን ስድስቱ ሲሊንደሮች በተራ በተራ ይናገራሉ። መጀመሪያ አንድ ድምፅ ነበሩ። እየቆየ አንደኛውን ከሦስተኛው፣ ሦስተኛውን ከስድስተኛው መለየት ጀመረች። ከዚያ ሁሉ ኋላ፣ በጣም ሩቅ፣ በሌላ ሰፈር ሠርግ እንዳለ ሁሉ ጭብጨባው ይመጣል። ጣቷ ቁልፏን ይነካል። ማማ ከኋላ ዚክር እያሉ ያንቀላፋሉ። ቤት የሚጠብቃት ልብስና ሰሐን ከሐሳቧ ይጠፋል፤ ሐርቡም ጅዳም የሆነች አይመስላትም።

አሥራ ዘጠኝ ጠዋት ወጡ። በየቀኑ ጭብጨባው እያነሰ ሄዶ፣ ከአሥራ ስድስተኛው ጠዋት በኋላ የሀሰና ጣት ቁልፏን አልነካም። ሃያኛው ቀን ሐሙስ ነበር፤ ዋዜማውን ማታ ባባ ነገ ከመንገድ አንመለስም፣ መካ እንገባለን አሉ። ሲነጋ ዑምራ፣ ማለትም ትንሹን ሐጅ፣ ለማድረግ ነይተው፣ ታጥበው፣ ባባ ነጩን ኢሕራም ለብሰው ተነሡ። ሀሰና አገሩን ከረገጠች ሰባት ወር አልፏት ሐረምን፣ የመካን ታላቅ መስጊድ፣ አላየችም ነበር። ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳልወሰዳት ለማንም አልነገረችም።

ኬላው ላይ ወታደሩ ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ አየ፤ ከጆሮዋ እስከ ዳሽቦርዱ የተዘረጋውን ቱቦ ደግሞ አየ። ሽማግሌው ታመዋል ወይ ብሎ ጠየቀ። ማማ ከኋላ ሆነው፣ የታመመችው መኪናዋ ናት፣ አሁን ግን ድናለች አሉት። ወታደሩ ጎንበስ ብሎ ሞተሩን አዳመጠና አሳለፋቸው።

የመካ ተራሮች መታየት ሲጀምሩ ባባ መንገዱ ዳር ላይ አቆሙ። ሀሰናን ዐይን ዐይኗን አዩዋት። ራሷን ነቀነቀች፤ ምንም የለም ማለቷ ነው። እጃቸውን ዘርግተው ላፕቶፑን ከጉልበቷ አነሡት።

«ኸላስ፣ ያ ቢንቲ፤ በቃ፣ ልጄ» አሏት። «ከጆሮሽ አውልቂው። አሁን እንግዳ ነሽ።»

አወለቀችው። ወዲያው የነፋሱ ድምፅ፣ የማማ መቁጠሪያ፣ የባባ «ለበይክ አላሁመ ለበይክ» ባንድ ጊዜ ወደ እሷ መጣ። እሷም ተቀበለቻቸው። ድምፃቸው ሦስት ሆኖ ከተማው ውስጥ ገባ።

ክሬሲዳዋን ዛሂር፣ የማማ እህት ደጅ ላይ አቁመው ወደ ሐረም በታክሲ ሄዱ። ሀሰና ከዚያ ያየችውን ለማንም በወጉ ማውራት አልቻለችም። ነጭ እብነ በረዱ እግሯን ይቀዘቅዛት ነበር፤ ሰው እንደ ውሃ ይዞር ነበር፤ እሷም አብራ ዞረች፤ እስክትጨርስ አለቀሰች። ከቀትር በኋላ ዛሂር ተመልሰው ሲያርፉ ማማ ስልካቸውን ሰጧትና ለአባቷ ደወለች። ዑምራ ማድረጓን ስትነግራቸው ዓብዱ ሲያለቅሱ ሰማች። ስለ ሞተሩ ስትነግራቸው ግን ድምፃቸው ተለወጠ። ስንት ሲሊንደር ነው? በናፍጣ ነው በቤንዚን? ዘይቱን ማን ነው የሚያየው? ስልኩን ለመዝጋት ሁለት ጊዜ ተሰነባበቱ።

ወደ ጅዳ ሲመለሱ ማማ ከፊት ተቀመጡ። ሀሰና ከኋላ፣ ማማ ባሞቁት ትራስ ላይ ተደገፈች። ፀሐይዋ ከፊታቸው ወደ ባሕሩ ትወርዳለች። ሞተሩ ይሄዳል፤ የምታዳምጠው ነገር ግን አልነበራትም። ተኛች። ስትነቃ ግቢው ደርሰዋል፤ የማማ ነጠላ ልብስ ላይዋ ላይ ነው፤ ሽማግሌዎቹ እንዳትነቃ ብለው በሩን ሳይከፍቱ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

በወሩ ባባ ራሳቸው ኢብራሂም ጋ ደውለው የጆሮ ሐኪም ቀጠሮ አስያዙ። ለዓመታት የለመናቸውን ነገር አሁን በገዛ እጃቸው ሲጠይቁ ልጁ ማመን አቃተው። ሀሰና ኮንትራቷን ጨርሳ ሌላ ሁለት ዓመት ጨመረች፤ በየሐሙሱም ሦስቱ ዛሂር ይሄዳሉ።

ባባ ከሐኪሙ ዘንድ የመስሚያ መሣሪያ በጆሯቸው ተሰክቶላቸው የተመለሱ ዕለት ሀሰና ሰሐን ታጥብ ነበር። ባባ ኮሪደሩ ላይ ቆም ቆም እያሉ መጡ። ፍሪጁን፣ የግድግዳ ሰዓቱን፣ የገዛ ጫማቸውን ድምፅ እያዳመጡ ነው። ከዚያ ቀጥ ብለው ቆሙ። ማማ ውስጠኛው ክፍል ውስጥ ልብስ እያጠፉ የመካ ሰው የሚለውን አንድ የድሮ ዜማ ለራሳቸው ያንጎራጉራሉ። ሀሰና ይሄን ዜማ በየቀኑ ስለምትሰማው ለምዳዋለች። ሽማግሌው ግን እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ አልተንቀሳቀሱም።

ሀሰና የቧንቧውን ውሃ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።